በገዛ ቋንቋችን የጻፍኩት

ኢሎይሎ ከተማ፣ ማርች 8 ቀን 2009

ማናንግ ግሎሪና፣ ታላቅ እህቴ፣

ይህ ወረቀት ባሕሩ ረግቶ፣ የልጅሽ የማይላ ሳል ለቋት፣ አንቺም እኔን መራገም ትተሽ ቢያገኝሽ ደስታዬ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ አልጻፍኩም። በየሐሙሱ ወደቡ ድረስ ወርደሽ ባዶ እጅሽን እንደምትመለሺ ጀልባ ነጂው ክሪስፒን ነግሮኛል። "እህትህ ደብዳቤ የለም ባልኳት ቁጥር የምትቆጣው እኔን ነው፤ መንገድ ላይ ደብዳቤ ስበላ የምመጣ ይመስላታል" ብሎ አማረረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ሥራ አግኝቻለሁ። አይ፣ ትምህርቱን አልተውኩም። የመርከብ መካኒክነቱ እንዳለ ነው፤ ሥራው በትርፍ ሰዓቴ ነው። አንቺና ባልሽ ኖንግ ኔስቶር ለእኔ የከፈላችሁትን ውኃ አይበላውም።

ሥራው ፖከር የሚሉት የካርታ ቁማር ነው። ቁጭ በይና አንብቢ፤ ገና አትጩሂ። ካርታው ያው ካርታ ነው፣ ግን ፊት ለፊትሽ የተቀመጠ ሰው የለም። እኔ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍሌ ኮምፒውተሬ ፊት እቀመጣለሁ፤ ሌላው ካናዳ ይቀመጣል፣ ሌላው ጀርመን። ስማቸውም የእናት የአባት ስም አይደለም፤ ራሳቸው ያወጡት የቅጽል ስም ነው። ከስሙ ሥር አገሩ ተጽፏል። በቃ፣ ከዚያ በላይ ማንም ስለማንም አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ ሦስት ጊዜ ባዶዬን ቀርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ጀማሪ ሁሉ የደረሰውን ካርታ ሁሉ መጫወት ያምረዋል፤ ሠርግ ቤት እንደገባ ልጅ የቀረበለትን ሁሉ ይጎርሳል። ካርታ መጣልን ለመማር አራት ወር ፈጀብኝ። ከአሥር ስምንቱን ትጥያለሽ፤ ቁጭ ብለሽ ሌላው ሲሳሳት ታያለሽ። ሌላው የተማርኩት ንዴትን ነው። ሰውን የሚጨርሰው መጥፎ ካርታ አይደለም፤ ተሸንፎ ወዲያው ለማስመለስ ሲንደረደር ነው። አያታችን ሎሎ ኢስኮ የዶሮ ድብድብ ሲወስደኝ ምን ይለኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ? "ዶሮውን ተወው፣ የባለቤቱን እጅ እይ። እጁ ከተንቀጠቀጠ ዶሮው ምንም ጎበዝ ቢሆን አለቀለት።" እዚህ እጅ አይታይም። ግን ሰውየው ቶሎ ሲመልስ፣ ሲዘገይ፣ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ሲሸነፍ ምን እንደሚያደርግ ይታያል። እኔ እሱን እያየሁ ነው የምኖረው።

የቤቱ ጣሪያስ? ኖንግ ኔስቶር እውነት ዲሴምበር ላይ ውሉን ጨርሶ ይመጣል? ሦስት ዓመት ታይዋን ብረት ሲበይድ ኖሮ እሱም ይበቃዋል፤ አንቺም ከስልክ ጋር ተጋብተሽ ከመኖር ትገላገያለሽ።

ማይላን ሳሚልኝ።

ታናሽሽ ሮዴል


ቡግሳናን ደሴት፣ ኤፕሪል 2

ቶቶ፣

ክሪስፒን ገና ከጀልባው ሳይወርድ "ዛሬ አትገይኝም፣ ይዤልሻለሁ!" ብሎ ጮኸ። ወደቡ ሁሉ ሳቀብኝ። ስለ ደብዳቤህ እግዜር ይስጥህ።

እንዳልከው ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ ጮኽኩ። ቁማርተኛ ወንድም አሳደግኩ ማለት ነው? ደሞ ሎሎ ኢስኮን ምስክር ታመጣለህ! ሎሎ በዶሮ ድብድብ ሁለት ጀልባ እንደበላ ረሳኸው? እጅ ማየት አስተምሮሃል፤ የራሱን እጅ ግን አይቶት አያውቅም ነበር። ለማንኛውም ትምህርቱን እስካልተውክ ድረስ ምን እላለሁ። ትልቅ ሰው ሆነሃል።

እንድትደውልልኝ የማልፈልገው ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በደሴቱ ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊዋ ሎሌንግ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሎሌንግ ሒሳብ የምትሠራ መስላ ጆሮዋን ትቀስራለች። ኔስቶር በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሲደውል ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ያዳምጠናል። "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ።" "ልጅቷስ?" "ደህና ናት።" እንዲህ ደህና ደህና ስንባባል ሦስት ዓመት አለፈ። ሆድ ለሆድ የምናወራው ሲመጣ ነው።

ጣሪያው ግማሽ ላይ ቆሟል፤ የኩሽናው ወገን አሁንም በዘንባባ ቅጠል ነው፣ ያፈሳል። እኔ ከጧት ጀምሮ ለገበያ የምናበቅለውን የባሕር አረም ችግኝ ገመድ ላይ ሳስር ነው የምውለው፤ ጣቶቼ የአሮጊት ጣት መስለዋል። ማይላ የፊት ጥርሷ ወልቋል። አባቷ ሲሄድ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ መልኩን በፎቶ፣ ድምፁን በስልክ ነው የምታውቀው። ባለፈው "አባዬ ሲመጣ ከስልኩ ውስጥ እንዴት ነው የሚወጣው?" አለችኝ። ሳቅኩና ኋላ አለቀስኩ።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው ቶቶ። ዲሴምበር ላይ ሦስታችን አንድ ቤት እንድናድር። ጣሪያው ቢያፈስም ግድ የለኝም።

ግሎሪና


ኢሎይሎ፣ ጁን 14

ማናንግ፣

ዝናቡ እንዴት ያዛችሁ? ጀልባው ሁለት ሐሙስ ስለቀረ ነው ያልጻፍኩት። በዚህኛው ግን እኔ ጥፋት የለብኝም፤ ከፈለግሽ ክሪስፒንን ጠይቂው።

እንዳትሰጊ፣ የምጫወታቸውን ሰዎች አላውቃቸውም። ይኑሩ ይሙቱ፣ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው በምን አውቃለሁ? አየሽ፣ ይህን ማሰብ የጀመረ ሰው ወዲያው ይሸነፋል። እኔ የማውቀው ማስታወሻዬን ነው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ መጻፊያ ቦታ አለ፤ "ይፈራል"፣ "ይዋሻል"፣ "ሲመሽ ይደክመዋል" ብዬ እጽፋለሁ። ሲመለስ ማስታወሻው ይጠብቀዋል።

በዚህ ወር ደግሞ የምትታለብ ላም አግኝቻለሁ። ሰውየው ረጋ ያለ ተጫዋች ነው፤ በካርታ ብቻ ብንሄድ አልችለውም ነበር። ታዲያ አንድ ቀን በዕድል ቀጣኝና ደሜ ፈላ፤ ከጨዋታው ጎን ባለችው መጻጻፊያ አንድ ነገር ጻፍኩለት። ሰውየው አበደ! ያለውን ሁሉ ገፋልኝ፤ ጨምሮ አመጣ፣ እሱንም ገፋልኝ። ያቺ ቃል እንዲህ ትሠራለች ብዬ ራሴም አላሰብኩም። አሁን ሲመጣ እጠብቀዋለሁ፤ ሞቅ ሲለው ቃሏን ጣል አደርጋለሁ፣ ይበላሻል። ምን ብለኸው ነው አትበይኝ፤ ለእህት አይነገርም።

ደግሞ ስሚ። ክሪስፒን ሃያ ቆርቆሮና ምስማር ይዞልሽ ይመጣል። ከእኔ ነው። ራሱ እንዲመታልሽ ነግሬዋለሁ። ለኖንግ ኔስቶር ግን ከእኔ እንደሆነ አትንገሪው፤ ተማሪ ይህን ከየት አመጣ ብሎ ነገር ያነሳል። ከባሕር አረሙ አጠራቅሜ ነው በይው።

ማይላን በወላለቀ ጥርሷ ሳሚልኝ።

ሮዴል


ቡግሳናን፣ ጁላይ 23

ቶቶ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ጣሪያው አልቋል፤ በጣም አመሰግናለሁ፣ አያፈስም። አሁን የምነግርህን ስማኝ፣ የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።

እሁድ ኔስቶር ደወለ። እንደ ልማዴ "ደህና ነህ?" አልኩት። እሱ ግን "ደጅሽ ላይ የማን ነጠላ ጫማ ነው ያለው?" አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ "የእኔና የልጅህ፣ ሌላ የማን ይኖራል?" አልኩት። "አትሳቂ!" ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። ሎሌንግ ብዕሯን አስቀመጠች። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ።

"ሰው ነግሮኛል" አለኝ። "'አንተ እዚያ ተቀምጠህ ደጅህ ላይ የሌላ ሰው ነጠላ ጫማ ተቀምጧል፤ ሚስትህ እግሩን እያጠበች ነው' ብሎ ጽፎልኛል። አንዴ አይደለም፣ አምስት ጊዜ።" "ማነው የጻፈው?" አልኩት። "ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ስሙን አላውቅም። ግን የኛ ሰው ነው፤ በገዛ ቋንቋችን ነው የጻፈው። የደሴቱ ተወላጅ ያልሆነ ሰው እንዲህ ብሎ አይጽፍም።" ከዚያ ስለ ጣሪያው ጠየቀኝ። እናቱ ነግራው ኖሯል። "ሁለት ወር ገንዘብ አልላክኩልሽም፤ ቆርቆሮው ከየት መጣ?" አለኝ። አንተ እንዳልከኝ ከባሕር አረሙ ነው አልኩት። "ማነው የመታልሽ?" "ክሪስፒን።" ስልኩን ዘጋው።

ቶቶ፣ በማርያም ይዤሃለሁ። አንተ እነዚህን ኮምፒውተሮች ታውቃለህ። ያንን ሰው ፈልግልኝ። ምን አደረግኩት? ምኑን ነካሁበት? ከዚህ ደሴት እንዲህ የሚጠላኝ ማን እንደሆነ ሳስብ ሌሊቱ ይነጋብኛል። ጎረቤት ባየሁ ቁጥር "አንቺ ትሆኚ?" እላለሁ በልቤ።

ግሎሪና


ኢሎይሎ፣ ኦገስት 6

ማናንግ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አሞኝ ስለነበር ቶሎ አልመለስኩም፤ አሁን ደህና ነኝ።

ሰውየውን እፈልጋለሁ። ግን ኢንተርኔት ሰፊ ነው፤ ስም የሌለውን ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ያ ሰው አንቺን ጭራሽ የማያውቅሽ ሊሆን ይችላል። ዝም ብሎ ያገኘውን የሚናገር ባለጌ ይሆናል። አንቺ ለኖንግ ኔስቶር ምንም አትመልሺለት፤ ደክሞት ነው። ያልፋል።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሮዴል


ቡግሳናን፣ ሴፕቴምበር 17

ቶቶ፣

እንዴት ነህ? ሕመሙ ተሻለህ? ደብዳቤህ አጭር ስለነበር ገና አልዳነም ብዬ ሰጋሁ። ሎሚና ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ፣ ሌሊት አትቀመጥ።

አላለፈም። ብሶበታል። አማቴ ኢያ ቶማሳ ከማዶው ደሴት ምንጣፏን ይዛ መጥታለች። በሩ ላይ አንጥፋ ነው የምትተኛው፤ ሌሊት ለሽንት ስወጣ ተሻግሬያት ነው የምወጣው። "ልጄ ነው የላከኝ፣ እኔ ምን ላድርግ?" ትለኛለች። እሷም ታለቅሳለች። ክሪስፒን ደብዳቤህን በእጁ አይሰጠኝም፤ ለዓሣ ሻጯ ይሰጣታል፣ እሷ ታመጣልኛለች። ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎኔ ተነስታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ሃያ ቆርቆሮ ስለመታልኝ ያ ምስኪን ሰውዬ ቤቱ ሊፈርስበት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ስለ እኔ የሚወራውን መጨረሻ የሰማሁት እኔው ነኝ።

አንድ ነገር ልንገርህ። አባ መጥተው "ልጄ፣ እውነት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ሎሌንግ ጠየቀችኝ። የገዛ አማቴ መስቀል አስይዛ ጠየቀችኝ። በደሴቱ ያልጠየቀኝ የለም። "እውነት ነው ወይ?" ብለህ ያልጠየቅከኝ አንተ ብቻ ነህ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አንድም ቦታ የለም። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ቢያንስ አንድ ሳይጠይቅ የሚያምነኝ ሰው አለኝ አልኩ።

ይህን ለማመስገን ነው የጻፍኩልህ።

ግሎሪና


ኢሎይሎ፣ ኦክቶበር 4

ማናንግ፣

አታመስግኚኝ። ያልጠየቅኩሽ ስለማምንሽ አይደለም። መልሱን ስለማውቅ ነው።

ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይህን ወረቀት ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አሁን ካቆምኩ አልጨርሰውም፣ ስለዚህ እንዳለ ልንገርሽ። ያቺ የምትታለብ ላም ያልኩሽ ሰውዬ ኖንግ ኔስቶር ነበር። ስሙን ድራጎን 88 ብሎ ነበር የሚጫወተው። ከስሙ ሥር "ታይዋን" ይላል። የዚያው አገር ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን ሲያሸንፈኝ አባታችን የዓሣ መረቡ ሲቀደድበት ባሕሩን እንደሚሰድበው፣ ማንም አይገባውም ብዬ በቋንቋችን ሰደብኩት። የመጣልኝን ነው የጻፍኩት። ነጠላ ጫማውን፣ እግር ማጠቡን። ስለ አንቺ አልነበረም፤ ስለማንም አልነበረም።

ግን ገባው። እሱን ነው የምነግርሽ፣ ማናንግ። ሲያብድ ገብቶት እንደሆነ አውቄያለሁ። የኛን ቋንቋ የሚችል ሦስት ሺህ ሰው ቢገኝ ነው። ታይዋን የተቀመጠ ሰው የቡግሳናንን ስድብ በምን አወቀ? ይህን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ መልሱ ሩቅ አልነበረም። አልጠየቅኩም። ከስሙ አጠገብ "ቤቱን ስትነካበት ያብዳል" ብዬ ጻፍኩና ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ጠበቅኩ። ደሞዙን በተቀበለ ማግስት ይመጣ ነበር። ቀኑንም ጽፌዋለሁ።

የቆርቆሮው ገንዘብ ከእሱ የወሰድኩት ነው። የራሱን ገንዘብ ነው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀሽ።

ትምህርቱንም ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል። ይህን ከዚያኛው ጋር ሳነጻጽረው ኢምንት ነው፤ ግን ውሸቴን ሁሉ አንድ ላይ ልጨርስ ብዬ ነው።

ማርች ላይ ስለ ትዕግሥትና ስለ ንዴት የጻፍኩልሽን አስታወስኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የሰውን ፊት ሳላይ ድክመቱን ማግኘት ተማርኩ፤ ፊቱን ስለማላይ ደግሞ ምንም ባደርገው አይከብደኝም ነበር። የተማርኩት ይህንን ነው። ያፍራል ሰው እንዲህ ሲጽፍ፤ እኔም አፍሬያለሁ።

ደብዳቤሽ በጁላይ ሲደርሰኝ ወዲያው መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ። አሁን ግን አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ባለፈው ሳምንት በደሞዙ ማግስት ጠብቄው ከጠረጴዛው ተቀመጥኩና በቋንቋችን ጻፍኩለት። "ኖንግ ኔስቶር፣ እኔ ሮዴል ነኝ። ማናንግ ምንም አላደረገችም። ያልኩህ ሁሉ ውሸት ነው፤ አንተ መሆንህንም አላወቅኩም ነበር።" ወዲያው ከጨዋታው ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልታየም። እንዳመነኝ እርግጠኛ ነኝ። እኔን ይጥላኝ፣ ግድ የለም፤ አንቺን ግን አሁን ነጻ አውጥቼሻለሁ ብዬ አስባለሁ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። አሁን አልልሽም።

ሮዴል


ቡግሳናን፣ ዲሴምበር 20

ሮዴል፣

ደብዳቤዎችህ ሁሉም ደርሰውኛል። ያልመለስኩት ልመልስ ስለማልችል ነበር። ብዕሩን ሳነሳ እጄ ላይ ሕፃን ሆነህ ትታየኝ ነበር፤ እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመትህ ነበር፣ በጀርባዬ አዝዬህ ነው ባሕር የወረድኩት። አሁንም የምጽፍልህ ስለጠየቅከኝ ነው። አዎ፣ ኔስቶር መጥቷል። ከታሰበው ቀን በፊት ነው የመጣው።

አላመነህም።

ማለቴ፣ የመጀመሪያውን ውሸት አመነህ፤ ሁለተኛውን እውነት አላመነህም። እናቱ ፊት፣ አባ ፊት፣ ተረጋግቶ ነው የተናገረው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሌላ ሰው ቢሆን የጻፈው እጠራጠር ነበር" አለ። "መጠራጠርም ጀምሬ ነበር። ኋላ ግን የገዛ ወንድሟ መሆኑን በራሱ እጅ ጻፈልኝ። ደንግጦ ነው መልሶ የካደው። ወንድም በእህቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከሜዳ ተነስቶ አይጽፍም።"

እውነቱን ነው። ወንድም እንዲህ አይጽፍም። አባም አንገታቸውን ደፉ። ክሪስፒን ሊምል መጥቶ ነበር፤ ከበሩ መለሱት። ኢያ ቶማሳ ምንጣፏን ጠቀለለች።

ማይላን ወሰዳት። ማዶ ከእናቱ ጋር ነው ያሉት። ለመጽሐፏና ለልብሷ አንድ ከረጢት በቃት። ጀልባው ሲነሳ በአንድ እጇ አባቷን ይዛ በአንድ እጇ አውለበለበችልኝ። እሁድ የምትመለስ ነው የመሰላት።

ልምጣ ወይ ብለሃል። ና። እሱ ፊት ቆመህ በአፍህ ንገረው። ከዚህ በላይ የምትሰጠኝ ነገር የለህም፤ እኔም ሌላ የምለምንህ የለኝም።

ግሎሪና


ቡግሳናን፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2010

ሮዴል፣

በሰላም ኢሎይሎ እንደገባህ ክሪስፒን ነገረኝ። አሁን መልሶ ደብዳቤ በእጁ ይሰጠኛል፤ ሰው የሚያወራብን ነገር አልቆበታል።

ለኔስቶር ልትነግረው የመጣህ ቀን፣ ከተለያየን በኋላ ስለሆነው ጠይቀኸኛል። ያየኸው ነው የሆነው። አንተ ማዶ እናቱ ግቢ ውስጥ ተንበርክከህ ስትናገር እኔ አጥሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንድም ነገር አልሸሸግክም፤ ያን ልክድህ አልችልም። እንደ ወጋችን ለአክብሮት እጁን ይዘህ ግንባርህ ላይ ልታደርግ ስትል እጁን ሲነጥቅህም አይቻለሁ። "ስንት ከፈለችህ?" ሲልህ የሆንከውንም አይቻለሁ። እኔ ከፍዬህ ስለ እኔ ልትዋሽልኝ የመጣህ መሰለው። አንተ ከሄድክ በኋላ ለጎረቤቶቹ "አንዴ በገንዘብ የዋሸ ሰው ሁለቴ ቢዋሽ ምን ይገርማል?" አላቸው። እነሱም ልክ ነህ አሉት። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ልክ ነህ እል ነበር።

እንዴት ነሽ ላልከኝ፣ እሠራለሁ። ከጧት እስከ ማታ ችግኝ አስራለሁ። ማታ ከዚያ ጣሪያ ሥር ብቻዬን እተኛለሁ፤ ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ እሰማዋለሁ። አልረገምኩህም። ልረግምህ ፈልጌ አቅቶኝ ነው እንጂ ይቅር ብዬህ አይደለም።

አማቴ ባለፈው ቅዳሜ ኔስቶር ዓሣ ሊያጠምድ ሲወጣ ጠብቃ ሰው ላከችብኝ። ማይላን ለአንድ ሰዓት አየኋት። አድጋለች። ጥርሷ በቅሏል። ፀጉሯን ስሠራላት ዝም ብላ ተቀመጠችልኝ፤ ከዚያ ሳትዞር "ማማ፣ ያ ሰውዬ አሁንም ቤታችን አለ?" አለችኝ።

"የለም" አልኳት። ማንም ሰው አልነበረም ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን "የለም" የሚለው ብቻ ነው።

"ከሄደ ታዲያ እኔ ለምን ወደ ቤት አልመጣም?" አለችኝ። ማበጠሪያውን አስቀመጥኩት። "ስሙ ማን ነው? ስሙን ለአባዬ ብነግረው አባዬ ያባርረዋል፣ እኔም እመጣለሁ።"

ምን ልበላት ሮዴል? ልጅ ናት፣ ስም ነው የጠየቀችኝ፤ ስሙን ካገኘች ወደ ቤቷ የምትመለስ ይመስላታል። በሚመጣው ቅዳሜ እንደገና አያታለሁ። ምን ብዬ እንደምመልስላት አስበህ ጻፍልኝ።

ግሎሪና